ስድስተኛው ሳጥን

ማክሰኞ ማለዳ፣ ስዋንሲ ላይ ዝናብ
በአግድም ሲገርፈው የባሕሩን ወደብ፣
ጃንጥላዋን አጥፋ፣ አጭር ሰላምታ ሰጥታ
ቆመች ወይዘሮ ፔንሃል ግድግዳችንን ተጠግታ።
አየችው ፈቃዱን፣ በመስታወት ታጥሮ
የተሰቀለውን ከአምና ጀምሮ፤
የሰው አካል ቁራሽ ማኖር፣ መጠበቁ፣
ለምርምር ማዋል፣ ይላል በደማቁ።

እኔ እዚህ ቤት ውስጥ መሳቢያ ጠባቂ ነኝ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰም ሲሸተኝ ኖርኩኝ።
ሰው እዚህ ሲመጣ በሰም ይከደናል፣
የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ጡብ ውስጥ ይተኛል፣
ስሙ ቁጥር ይሆናል።
ባንክ ይሉታል ቤቱን። ወለድ የለው፣ ብድር የለው፤
ባለ ሒሳቡ ሞቶ ፊርማው ነው የሚያወራው።

ሦስት ቁጥር ጠራች፣ ዕጣ እንደምታወጣ፤
ወረቀቱ ጡቡን፣ ጡቡ ወረቀቱን እየጠራ እንዲመጣ።
የመጀመሪያው ተገኘ። ሁለተኛው ተገኘ።
የቁልፉ ፊርማ፣ የሙቀቱ መዝገብ፣ ሁሉም ተገናኘ።
ሦስተኛው፦ ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።
ጎሮንዊ ፕራይስ። ከሰል ቆፋሪ፣ ከላይኛው ሸለቆ፤
የግራ ሳምባው ጫፍ፣ ጥቁር ነጥብ የበዛበት።

ቅጹ ስድስት ሳጥን አለው።
አምስቱ ላይ ፈርሟል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤
መጨረሻው ላይ ቀለሙ ከመስመር አምልጦ ፈሰሰ፣ ረገጠ።
ስድስተኛው ግን፣ ከገጹ ጀርባ ያለው፣
«ጥናቱ ሲያበቃ ለሌላም ይቆይ ወይ?» የሚለው፣
ባዶ ነው።
ጥናቱ ካበቃ ሦስት ክረምት አልፎታል፤
ጎሮንዊ ግን ይኸው፣ እኔ ጋ ተኝቷል።

ወይዘሮ ፔንሃል አልጮኸችም።
መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።
«ግድግዳው ላይ ያለው የእናንተ ፈቃድ ነው፤
የእሱስ የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ዶክተር ካራዶክ ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ሌሊት አይተኛም።
ኮሪደር ላይ ያዘኝ፦ «አንዲት ስስ ቁራጭ ብቻ፣ ከፀጉር የቀጠነች፤
እንዲህ ያለ ጠባሳ ሌላ ጡብ ላይ የለም።
ሙት ምን ይጎዳል? ሕያው ግን ይድናል።»
እውነቱን ነው።
ሪፖርቱ ላይ ያልጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦
እውነቱን መሆኑን።
«ልጁ አለች» አለኝ። «እሷ ትፈርም። ሕጉ ይፈቅድ ይሆናል።»

ቴግወን አውቶቡስ ትነዳለች።
መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁማ አነጋገረችኝ፤
ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ መጥረጊያው መስታወቱን ሲፍቅ ተሰማኝ።
«ገጹን ሳይገለብጠው ቀርቶ ይሆናል» አለች።
«ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ ወረቀት መገልበጥ ለእሱ እንደ ደረጃ ነው።
ወይ ደግሞ ገልብጦ፣ አንብቦ፣ እምቢ ብሎ ይሆናል።
አባቴን አያውቁትም። እምቢ ሲል አይናገርም፣ ዝም ነው የሚል።»
ትንሽ ቆየች። አንድ ተሳፋሪ ሳንቲም ሲቆጥር ይሰማል።
«አባቴ ባዶ የተወውን እኔ አልሞላውም።»

ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ ስሰማ ኖሬአለሁ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰሙን ብቻ ጠብቄ፣
ወርቁን ባልተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ዛሬ አየሁ።

ሐሙስ ለብቻው ሸኘነው፤ ከጓንትና ከመርፌ፣
ከሌላ ጥራጊ ሳይቀላቀል፣ በራሱ መያዣ፣ በራሱ ወረፋ።
ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ለእሳት ሲያቀብል የኖረ ሰው፣
በሳምባው የያዘውን የመጨረሻ እፍኝ ራሱ አደረሰው።
ቀኑ ተጻፈ፤ ምክንያቱ፣ አኳኋኑ፣ ሁለት ፊርማ።
መስመሩ ከመዝገቡ አይፋቅም፤ ይህም ሕግ ነው፦
ነበረ፣ ተወገደ፣ እነማን እንዳዩት።

በማግስቱ የቅጹን አዲስ እትም አወጣሁ።
ስድስተኛውን ሳጥን ወደ ፊት ገጽ አመጣሁት፤
ፊደሉን አሳደግሁት፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው
በጥያቄና በጥያቄ መካከል ሰፊ ቦታ ተውኩለት።

ካራዶክ እስካሁን ሰላም አይለኝም።